ዘምዘም የተሞላው የጌም ሳጥን

ሀሲና፣

ዛሬ ጠዋት ሱብሒ ሰግጄ ሻይ አፈላሁ፣ የደረቀውን ልብስ አጣጠፍኩ። የመካው መኪና እስኪመጣ ብዬ ባሌ ሙሐመዲን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ራሱ የሠራውን፣ በውሃ የሚቀዘቅዘውን የጌም ኮምፒውተር ሳጥን ከፈትኩት። ሻዩን ሳልጨርስ ግሎ ጠፋ።

ሥራ ቦታሽ ደውዬ ብጠይቅሽ «ሰፊያዬ፣ በጣም ስለሚግል የድሮውን ውሃ ደፍቼ ዘምዘም ሞላሁለት፣ በረካ ይሁነው ብዬ» አልሽኝ።

ማሻአላህ። ዘምዘም የጠጣ ማሽን እኛ ቤት ተገኘ። ኒያሽን አላህ ይቀበልሽ፤ ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ ግን አልተቀበለም። ዘምዘም የተባረከ የጉድጓድ ውሃ ቢሆንም ማዕድን አለው፤ ሲሞቅ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ነገር ሆኖ ቀጭኑን ቱቦ ይዘጋል።

እኔ ሐጅ እስኪያልቅ እዚህ መካ፣ ዓዚዚያ ሰፈር፣ ሑጃጆች የሚያርፉበት ቤት ሥራ ላይ ነኝ። ስለዚህ ሐኪሙ አንቺ ነሽ።

መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀይ።
ዘምዘሙን በንጹሕ ዕቃ ቀድተሽ በረንዳ ላይ ያለውን የሻይ ናዕናዕ አጠጪበት፤ ሽንት ቤት እንዳትደፊው።
ቱቦውን በኮምጣጤ እጠቢና ደጋግመሽ አለቅልቂ።
ከዚያ ከመኪና ዕቃ ሱቅ የተጣራ የባትሪ ውሃ ገዝተሽ ጨምሪበት። አሲድ ቢሰጡሽ ደግሞ ቢስሚላህ ብለሽ እንዳትቀበዪ።

ካልሠራም ተዪው፤ ለጠጋኝ እንዳትሰጪ። በኢዳዬ ወራት፣ በባሌ ሐዘን ከቤት በማልወጣበት ጊዜ፣ ቀኑን ያዋለኝ እሱ ነው።

ጠዋት ስልኩ የተቋረጠው በኔትወርክ ነው። ኔትወርኩ እኔ ነበርኩ፤ ዐፉ በዪኝ።

የደፋሽውን ውሃ ሙሐመዲን ነበር ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት በእጁ የሞላው። ያ ውሃ አሁን የለም።