ክቧን ሪሞት ይዣት ሄጃለሁ

ብርሀንነሽ፣
ለአክስቴ ልጅ ሰርግ ወረኢሉ ሄጃለሁ። ከኩዌት ያመጣኋትን፣ የስፒከሩን ድምፅ የምናዞርባትን ክብ ሪሞት ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻታለሁ።
አትፈልጊያት።

ትናንት መንዙማዬ ድንገት ጸጥ ሲል መብራት የሄደ መስሎኝ ነበር። ለካ የእጮኛሽ እናት መጥተው፣ አንቺ ሳሎን ቁጭ ብለሽ በሪሞቷ ክፍሌ ድረስ ትቀንሺብኛለሽ! «የጎረቤት ነው» ስትያቸውም ሰምቻለሁ።

ኩዌት እመቤቴ ቤት የእንዲህ ዓይነቷን ሪሞት አቧራ ስጠርግ ኖሬ፣ አንዴም እንዳዞራት አልተፈቀደልኝም። ይሄ ግን ቤቴ ነው።

ድስቱ ውስጥ ያለው ሽሮ የጾም ነው፤ ቅቤ አልነካውም።

ስፒከሩ ላይ መንዙማዬን ከፍቼ ክፍሌን ቆልፌዋለሁ። አማትሽ ዛሬም መጥተው «የማን ነው?» ካሉሽ፣ ስሜን ንገሪያቸው።

ፈይዛ