አስካለ የተከለችው ዳማከሴ

ሰኔ ፲ ቀን፣ ንፋስ መውጫ

የሣሩ ግማሽ ተነቀለ። ወገቤ አልታዘዝ ቢለኝ ዶማውን ጥዬ ጠርዙ ላይ ተቀመጥሁ።

ይህን የፈረንጅ ሣር ከአዲስ አበባ በጆንያ ያመጣሁት፣ በጸሐፊነት ሳገለግል እንዳየሁት የሹማምንት ግቢ፣ ደጄ እንዲያምር ብዬ ነበር። ሃያ ዓመት ሰው አልረገጠውም፤ የከለከልሁ እኔ ነኝ። ባለቤቴ አስካለ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጥጉ ላይ ዳማከሴ ተክላ ነበር። «ደጄን የመንደሩ መመላለሻ አታድርጊው» ብዬ አስነቀልኋት።

ሙት ዓመቷ በወሩ መጨረሻ ነው። እስከዚያ ዳማከሴው በቦታው ቢመለስ እወድ ነበር።

ሰኔ ፲፩

ቀሪው ሣር ተነቀለ። ከገደሉ አፋፍ ያመጣሁትን ጦስኝ ፍግ አልብሼ፣ ውኃ አጠጥቼ ተከልሁ። ጎረቤቴ ወይዘሮ የሺ በአጥሩ ላይ አይታኝ ሳቀች።

«ብላታ፣ ጦስኝ እኮ ድንጋይ ነው የሚወድ። እንደ ጎመን ፍግ ያበሉታል?»

ዕድሜ ልኬን ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬ ይህን አላወቅሁም። ስለ ዳማከሴው ልጠይቃት አስቤ አፈርሁ።

ሰኔ ፲፪፣ ሚካኤል

አፈር አይነካም። ከቅዳሴ መልስ እንደ ምንም ደፍሬ የሺን ስለ ዳማከሴው ጠየቅኋት።

«የእኔው ከየት የመጣ ይመስልዎታል? ያስነቀሏቸው ዕለት እትዬ አስካለ ሥሩን በነጠላቸው ጠቅልለው በአጥሩ አቀበሉኝ። ‹ሰው ምች ሲመታው የት ይሂድ?› ብለው።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ከአጥሬ ማዶ ነበር። ምሳ አልበላሁም።

ሰኔ ፲፫

የሺ ከነአፈሩ ገምሳ አመጣችልኝ። በቀድሞው ጥግ ተከልሁት። ጦስኙን ወደ ድንጋዩ አዛወርሁ። ከቀትር በኋላ ዳማከሴው ጠወለገ። ሦስት ጊዜ ወጥቼ አየሁት።

ሰኔ ፲፬

ደኅና የቆሙት ቅጠሎች አራት ናቸው።

ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ልጅ ያዘለች፣ የማላውቃት ሴት ናት። ልጁን ምች መትቶት፣ ወይዘሮ የሺ ወደ እኔ ልካታለች። የየሺ ቁጥቋጦ ቅጠል ሞልቶት ሳለ ለምን እንደ ላከቻት አልጠየቅሁም።

ሴትዮዋ ሣሩ በነበረበት አፈር ዳር ቆማ ቀረች። የመንደሩ ልማድ ሆኖባት ይመስለኛል።

«እርገጪው፣ ልጄ፤ ግቢ» አልኋት።

አራቱንም ቀጠፍሁላት። ግንዱ ዳግመኛ ያቆጠቁጥ እንደ ሆነ አላውቅም። ልጁ ሲሻለው መጥታ እንድትነግረኝ ግን ሁለት ጊዜ ለመንኋት።