ያልቆጠርኩት ነጭ ደም

ኅዳር 3፣ ረፋድ
ዛሬም በማይክሮስኮፕ ሠላሳ የደም ስላይድ አየሁ። የሰሊጥ አጫጆቹ እስከ ጤ/ጣቢያው በር ተኮልኩለዋል። ሁሉም ትኩሳት፣ ሁሉም ወባ። ሸሕዲ ላይ ሰው ሌላ በሽታ አይታመምም።

የት/ቤቱ ዲሬክተር ጋሽ አያሌውም መጡ። ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም። ልባቸው ሥርዓት አጥቶ ስለሚመታ የጎንደር ሐኪም ኪኒን ካዘዘላቸው ሁለት ወር ሆኗል። ደማቸውን አየሁ፤ ወባ የለም። ሁለት መቶ ነጭ የደም ሴል መቁጠር ሲገባኝ አሥር እንኳ አልሞላ አለኝ። ስላይዱን የምነክርበት ቀለም አርጅቷል ብዬ ተራገምኩ። የወባ መድኃኒት፣ ክሎሮኩዊን ሰጠናቸው። ባይታይም ወባ ነው ይላል ኃላፊያችን።

ኅዳር 5
ብሶባቸዋል። አፋቸው ቆስሏል፤ ውሃ አይወርድላቸውም። ባለቤታቸው ወ/ሮ ታንጉት የልቡን ኪኒን አንድ ቀን አላስታጎልኩም ይላሉ፣ በኩራት። ይበርቱ አልኳቸው። 

ኅዳር 6፣ 9 ሰዓት
ማስታወሻዬ፣ ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። ኅዳር 3 ከጋሽ አያሌው ደም ጋር በአንድ ቀለም የነከርኳቸውን የአጫጆቹን ስላይዶች አወጣሁ። ነጭ ሴሉ ሞልቷል። ቀለሙ ደህና ነው። ባዶው የጋሽ አያሌው ደም ነው።

ቤታቸው ሮጥኩ። የጎንደሩን ካርድ አምጡልኝ አልኩ። በእንግሊዝኛ ተጽፏል፦ ኪኒኑ በሽታ የሚከላከለውን ነጭ ደም ሊያጠፋ ይችላል፤ ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከመጣ አቁሞ ወዲያው ደም ማስመርመር። ማናችንም ካርድ አልጠየቅንም። ኪኒኑን ከወ/ሮ ታንጉት እጅ ነጠቅኩ። ትናንት ይበርቱ ያልኩ እኔ ደደብ!

«ልቤንስ ማን ሊይዝልኝ ነው ልጄ?» አሉኝ ጋሽ አያሌው። ወደ ጎንደር የሚወስዳቸው መኪና ፍለጋ ወጣሁ።

ኅዳር 7
ወደ ጎንደር የሚወጣ የሰሊጥ መኪና ተገኘ። የይለፍ ወረቀት ግን የለም። የሚፈርሙት የቀበሌው ጓድ ሊቀመንበር ስብሰባ ላይ ናቸው። እስከ ምሽት ስብሰባ! መኪናው ጥሎን ሄደ።

ኅዳር 8
ጠዋት ወረቀቱ ተፈርሞ በሌላ መኪና ተሳፈርን። አይከል ሳንደርስ አረፉ። ራሳቸው ጭኔ ላይ ነበር፤ ሰውነታቸው እንደ እሳት ይፋጃል።

ኅዳር 9
ቀበርናቸው። ለቀስተኛው ሁሉ ወባ በላቸው ይላል። ኃላፊው መዝገቡ ላይ ወባ በል፣ ነገር አታብዛ አለኝ። አልጻፍኩም። ወ/ሮ ታንጉት በሰው ፊት አቅፈው መረቁኝ፤ ለባሌ የሮጥህለት አንተ ብቻ ነህ አሉ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ነገ ሠልስት ነው። ሰው ሲበተን ቁጭ ብዬ እነግራቸዋለሁ። የገደላቸው ወባ አይደለም። ነጭ ደማቸው ማለቁን በመጀመሪያው ቀን በዓይኔ አይቼ ቀለሙን ነው የተራገምኩት። ከዚያ በኋላ ምርቃታቸውን ይመልሱ፣ የፈለጉትን ያድርጉኝ።