የቀባሁት ክላሽ

ሐምሌ 21
ዝናብ። ቀኑን ሙሉ። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። ደብረ ማርቆስ ወርጄ ቤተሰብ ልይ ብዬ ነበር፣ መንገዱ አያስተማምንም አሉኝ። ሰቆጣ ልከርም ነው እንግዲህ።
ከሰዓት የድራማ ቡድኑ አለቃ ማንደፍሮ መጣ። ለሻደይ በዓል የሚያሳዩት ድራማ አላቸው... ሁለት ወንድማማቾች በየፊናቸው ጠመንጃ አንስተው ጫካ ውስጥ የሚገናኙበት። ክላሾቹን ጫማ ሰፊው ኪዳኑ ከመኪና ጎማ ቀርጾለታል።
"ሰገነት፣ የሥዕል አስተማሪ አይደለሽ? ቀለም ቀቢልኝ። ሰው ሲያያቸው ልቡ ድንግጥ ይበል።"
እሺ አልኩ። ምን ሥራ አለኝ?

ሐምሌ 25
አስቸገረኝ። ቀለሙ ይደርቅና ጎማው ሲታጠፍ ይሰነጣጠቃል። ከኮላ ጋር ደባልቄ ስሞክረው ያዘ! ብረቱን ጥቁር ቀብቼ ሲደርቅ የእርሳስ ዱቄት በጨርቅ አሸሁበት። አብረቀረቀ። ሰደፉን ቡኒ፣ በደረቅ ብሩሽ የእንጨት መስመር አወጣሁለት። እጅ የሚይዘው ቦታ ላይ ፈዘዝ አደረግኩት፣ ብዙ የተያዘ እንዲመስል።
እንዲህ ደስ ብሎኝ ከሠራሁ ስንት ጊዜዬ ነው?

ሐምሌ 28
ፀሐይ ብልጭ ስትል አከራዬ እትዬ አገኘሁሽ ልብስ ሊያሰጡ ወጡ። በረንዳው ላይ ክላሾቹን አዩ። ጮኹ። ባልዲው ከእጃቸው ወደቀ።
"ጎማ ነው እትዬ፣ ይንኩት።"
አልነኩም።
"ልጄ፣ እኛ ይሄን በቤታችን አይተነዋል። የማንም ይሁን የማን፣ በሩን በርግዶ ሲገባ ሁሉም አንድ ነው። አንሺልኝ።"
ወደ ክፍሌ አስገባኋቸው። አሳዘኑኝ። ግን... እውነቱን ልጻፍ? ትንሽ ኮራሁም።

ነሐሴ 4
ልምምዱን አየሁ። ታናሹን ወንድም የሚጫወተው ባምላክ ነው። ልብስ ሰፊ ነው፣ ገበያው ጥግ ማሽን አለው። መድረክ ላይ ሲወጣ ሌላ ሰው ይሆናል። ክላሹን አገላብጦ አየና፣ "ቲቸር፣ እኔ ራሴ ፈራሁት" አለኝ። ተሳሳቅን።
ማንደፍሮ ግን አልሳቀም። "ከአዳራሽ ሲወጣ በጆንያ ተጠቅልሎ ብቻ! ሰምታችኋል?"
ሰምተናል አሉ።

ነሐሴ 9
ባምላክ ተመታ።

ነሐሴ 10
ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አቃተኝ።
ቤቱ ሊለማመድበት ክላሹን ይዞ ወጥቷል። በጆንያ ጠቅልሎ፣ እንደተባለው። መንገድ ላይ ዝናቡ ወረደ። ጆንያውን ፈቶ ራሱ ላይ ደፋው... ማን የማያደርገው ነገር ነው? ክላሹ ትከሻው ላይ ራቁቱን ቀረ። ኬላው ጋ ሲደርስ ጠባቂዎቹ "ቁም!" አሉት። በዝናቡ አልሰማም። ደግመው ሲጠሩት ዞረ። ሲዞር አፈሙዙም አብሮት ዞረ።
አንድ ጥይት። ቀኝ ቅልጥሙን።
የተኮሰው ሰውዬ ክላሹን ሲያነሳው እጁ ላይ ተጣጠፈበት አሉ። እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ አሉ።
ያን የፈዘዘ ቦታ ምን አስጨመረኝ? ማን አስገደደኝ?

ነሐሴ 12
ሆስፒታል ሄድኩ። እናቱ እማማ ደብሬ ከገጠር በእግራቸው መጥተዋል። ከእህታቸው ጋር በኽምጠኛ ያወራሉ። አንድ ቃል አይገባኝም፣ ስለ እኔ መሆኑ ግን ገባኝ። ቆይተው በአማርኛ ጠየቁኝ።
"አንቺ ነሽ የቀባሽው?"
"አዎ እማማ።"
"ጎማ ነበር?"
"ጎማ ነበር።"
"ለጎማ... ልጄን ለጎማ..." በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።
ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ 14
እግሩን ቆረጡት። ከጉልበቱ በታች። ቁስሉ መርቅዟል፣ ሌላ መንገድ የለም ብለው።

ነሐሴ 16
ሻደይ ገባ። ልጃገረዶቹ ቅጠሉን ወገባቸው ላይ አስረው በየደጁ ይጨፍራሉ። እኔ በሬን ዘግቻለሁ። ድራማው ቀርቷል። ማንደፍሮ የቀሩትን ክላሾች በቢላ ቆራርጦ ጣላቸው። "ተቆራርጠውም ብረት ይመስላሉ እኮ" አለኝ። ሊወቅሰኝ አልነበረም... መሰለኝ።

መስከረም 23
ባምላክን ቤቱ ሄጄ ጠየቅኩት። ማሽኑን አልጋው አጠገብ አስመጥቷል፣ አይነካውም።
"በአንድ እግርም ይረገጣል ቲቸር። ችግሩ እሱ አይደለም። ሰው ልብስ ሊያሰፋ አይመጣም፣ እኔን ሊያይ ነው የሚመጣው።"
ስለ ክላሹ ትንፍሽ አላለም። ይቅር በለኝ ልለው ነበር የሄድኩት። ሙዝና ስኳር አስቀምጬ ተመለስኩ።

ኅዳር 6
ብሩሽ አልነካሁም። ክፍል ውስጥ በጠመኔ ብቻ።

ጥር 15
ባምላክ ከደሴ ተመልሷል፣ ሰው ሠራሽ እግር ተገጥሞለት። መርገጫው ጎማ ነው። ቀለሙ የማንም ሰው ቆዳ አይመስልም፣ ቀላ ያለ ነገር። እሱ ደግሞ ጥቁር ነው። ካየሁት ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።
ዛሬ ጠዋት ቀለምና ብሩሽ ይዤ ሄድኩ። እማማ ደብሬ በር ላይ ነበሩ። ቀለሙን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከበሩ ዞር ብለው አሳለፉኝ።
"ባምላክ፣ የራስህን ቆዳ አስመስለዋለሁ። ጥፍሩ ሳይቀር። ሰንደል አድርገህ ብትወጣ ማንም አያውቅብህም።"
እግሩን አውልቆ ጭኑ ላይ አጋደመው። ብዙ አየው። እሺ ያለኝ መስሎኝ ቆርቆሮውን ከፈትኩ።
"ተይው ቲቸር።"
"ለምን? እችላለሁ እኮ።"
"እንደምትችይማ አውቃለሁ።" ፈገግ ሊል ነበር፣ ተወው። "ጎማ ነው። ያየ ሁሉ ጎማ ነው ይበል።"
ክዳኑን መለስኩ። አልገጥም አለኝ። ያኔ ነው "ይቅር በለኝ" ያልኩት። እግሩን አጥብቆ አሰረ፣ ግድግዳውን ይዞ ተነሣ።
"ገበያ ድረስ ሸኚኝ" አለኝ።
የሱሪውን ቀኝ እግር እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ወጣ። ሰው ሁሉ አየው። ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ክንዴን ያዘ።