ራኖንግ ውስጥ አንዲት ደረቅ ክፍል

ውድ እትዬ ኦራታይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን፣ ከጤናሽ ቀጥሎ ያን አመለኛ ወገብሽን፣ ከወገብሽ ቀጥሎ ባለቤትሽን ቼንን እጠይቃለሁ። የትንሿ ሜይ የፊት ጥርስስ በቀለ ወይስ አሁንም በድዷ ነው የምትስቀው? እኔና እማዬ ደህና ነን፤ ደህና ስልሽ ግን ርሰን ነው። ዝናቡ ከገባ ወዲህ ሳይረጥብ የቀረ ነገር ቢኖር የአክስት ላማይ ምላስ ብቻ ነው፤ እሱም አፏ ውስጥ ስለማያርፍ።

ታይዋን በምትሠሪበት ፋብሪካ ስምህን ላስመዝግብ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። መልሱን እሰጥሻለሁ፤ አስቀድመሽ ግን ብሶቴን ስሚኝ። አባባ ያረፈ ጊዜ ከሁለታችን አንዳችን ከእማዬ ላንለይ ተማምለን የለ? አንቺ ሄድሽ፣ እኔ ቀረሁ። እዚህ ቀርቼ የምተዳደርበት ደግሞ ይህ ፈቃድ አውጥቼ ከጓሮ ክፍል ውስጥ የማበቅለው ካናቢስ ነው። የባህል ሕክምና ክሊኒኩ የዘንድሮውን አበባ ንጹሕ ሆኖ ካገኘው በቋሚነት ሊረከበኝ፣ ካላገኘው ደግሞ ሊተወኝ ተስማምተናል። ከተወኝ ከዓሣ ጀልባና ከአንቺ ፋብሪካ ሌላ የምሄድበት የለኝም፤ እማዬም ከዝናቡ ጋር ብቻዋን ትቀራለች።

እትዬ፣ ይህች ተክል እመቤት ናት። ልጅ ሳለች ጭጋግ ትወዳለች፤ ካበበች በኋላ ግን የሰው ትንፋሽ እንኳ ይከብዳታል። አበባዋ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ እርጥበት አንዴ ከገባበት አይወጣም፤ ከውስጥ ይሻግታል። ላይዋ ሙሽራ፣ ውስጧ ሬሳ ማለት ነው። ስለዚህ የክፍሉን ቀዳዳ ሁሉ ደፈንኩ፣ አየር እንዲያልፍ ቅጠሏን አሳሳሁ፣ ማራገቢያ ሰቀልኩ፣ እርጥበት የሚመጥ ማሽን አስገባሁ። ማሽኑ ከአየር ላይ የሚጠጣውን ውሃ በባልዲ እየደፋሁ፣ የእርጥበት መለኪያው መርፌ ከአምሳ በመቶ እንዳያልፍ እንደ ሞግዚት ስጠብቅ ከረምኩ።

ይህን ሁሉ ሳስብ አንድ ነገር ሳላስብ ቀረሁ፦ በራኖንግ ክረምት ደረቅ ክፍል መሥራት፣ በረሃብ ዘመን በር ከፍቶ ወጥ እንደ መሥራት ነው!

መጀመሪያ እማዬ ሽርጧን ሰቀለች። «አንዲት ሽርጥ ናት፤ ምን ትላለች ተክልህ?» አለችኝ። ሽርጧ ሳትደርቅ አክስት ላማይ የልጅ ልጆቿን ዩኒፎርም በሳፋ ይዛ ደረሰች። ከልብሱ የወጣው ውሃ አየሩ ውስጥ እንደሚቀር፣ ከአየሩም አበባው ውስጥ እንደሚገባ አስረዳኋት። «ታዲያ ውሃ ካልወደደች ጠዋት ጠዋት ለምን ታጠጣታለህ? ልጆቹን ብርድ ቢመታቸው ያንተ ቅጠል ታስታምማቸዋለች?» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ በኋላማ ሰፈሩ ሁሉ ገመድ ይዞ መጣ። አንዱ ጎረቤት ሽሪምፕ በሰፌድ አስጥቶ ሄደ፤ የመድኃኒት አበባዬ የዓሣ ገበያ ይሸት ጀመር። በሩን ልቆልፍ ብል እማዬ «ጎረቤት ፊት ቁልፍ ይንጠለጠላል? እንዴት ያለ ነውር ነው!» አለች። ታውቂያት የለ፣ «እምቢ» የሚለውን ቃል ሳትማር ነው የሸበተችው።

ባሰና ደግሞ የቤተ መቅደሱ ተራ መጣ። መነኮሳቱ በዝናቡ ወራት ከግቢያቸው ርቀው አያድሩም፤ ልብሳቸውም አይደርቅም። እማዬ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። «የመነኩሴ ልብስ ማድረቅ ጽድቅ ነው፤ ለአባትህም ይደርሰዋል» አለችኝ። አባባን ካነሳች ማን ይሟገታታል? ብርቱካንማው ልብስ ከአበቦቼ በላይ እንደ መጋረጃ ተዘርግቶ ማራገቢያዬን ጋረደው። መርፌዋ ሰማንያን አለፈች። ማሽኑ እንደ አዛውንት ሲያስል ሰነበተ።

በዚህ መሀል የክሊኒኩ መርማሪ ወይዘሪት ራሪን መጣች። አስቀድማ ለልብሶቹ እጅ ነሳች፤ ቀጥላ በሁለት ጣት ገለጥ አድርጋቸው አንድ ትልቅ አበባ ፈለቀቀች። ውስጡ አመድ መስሏል። «ወንድሜ፣ መድኃኒት ነው የምታመርተው ወይስ ላውንደሪ ከፍተሃል?» አለችኝ። አንድም ፍሬ አልወሰደችም። ከዚህ ዝናብ ሳንወጣ ንጹሕ የሆነ ሌላ አበባ ካሳየኋት ስምምነቱ እንደሚጸና፣ አለዚያ ግን ሌላ ሰው እንደምትፈልግ ነግራኝ ጫማዋን እያራገፈች ሄደች።

ተክሎቹን ነቅዬ ላቃጥላቸው ብል እሳቱ እንኳ ተጠይፏቸው ጠፋ። ተናድጄ ሻንጣዬን አወረድኩ። እማዬ አየችኝና «ወዴት ነው?» አለች። «እትዬ ዘንድ» አልኳት። ሩዟን ልታጥብ ገባች። ብትቆጣኝ በተሻለኝ።

በማግስቱ ጠዋት የቤተ መቅደሱ አገልጋይ አዲስ የልብስ ጥቅል ታቅፎ መጣ፤ አክስት ላማይም ሳፋዋን ይዛ ከኋላው። እማዬ ቀድማ ወጥታ የተክሉ ክፍል በር ላይ ቆመች። እጆቿን ግንባሯ ላይ አጋጥማ ጎንበስ አለችና፣ «ለአለቃ መነኩሴው እግራቸው ሥር ወደቅሁ በልልኝ፤ ልብሳቸው ግን በጽድቃቸው ይድረቅ። ለልብስ ብዬ ልጄን አልሸኝም!» አለችው። ሰውዬው ጥቅሉን እንዳቀፈ ደርቆ ቀረ፤ በራኖንግ ክረምት የደረቀ የመጀመሪያው ሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም። አክስት ላማይ «አንቺ ሴትዮ፣ መነኩሴ መልሰሽ ሲኦል ልትገቢ ነው!» ብላ ጮኸች። እማዬ ምን ብትላት ጥሩ ነው? «ሲኦል ሙቀት አለው ይባላል፤ ከገባሁ ያንቺን ልብስ እዚያ አሰጣልሻለሁ!»

ከዚያ ገብታ ቀኑን ሙሉ አለቀሰች። እስካሁንም ቤተ መቅደስ በሄደች ቁጥር ከሁሉም ኋላ ነው የምትቀመጠው። እኔም ንዴቴ አልበረደም፤ የሻገተው አበባ በሕልሜ ይመጣል፣ ዝናቡም እንደ ወረደ ነው። ግን እሷ ለእኔ ብላ ያን ቃል ካወጣች እኔ በምን አፌ እሄዳለሁ? ስሜን አታስመዝግቢ። ለወይዘሪት ራሪን የማሳያቸው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የተከልኳቸው አዳዲስ ችግኞች ቅጠል አውጥተዋል።

ለቼን ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ሜይን ጉንጯን ሳሚልኝ። አብረውሽ ለሚሠሩት የአገራችን ልጆች በሙሉ እጅ ነስቻለሁ። አክስት ላማይ ስላኮረፈች ሰላምታ አልላከችም፤ እንደላከች ቁጠሪው። እማዬ ናፍቆቷን ጻፍልኝ ብላኛለች፤ ራሷ እንዳትጽፍልሽ ከክፍሉ በር ላይ መነሳት አልፈለገችም።

ወንድምሽ ዊሮት
ራኖንግ፣ ኦገስት 27 ቀን 2567 ዓመተ ቡድሃ