ቀለም ያልተቀባችው ታክሲ

ይድረስ ለናፈቅከን ጋሼ፤

ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን።

የምሥራች! የእማዬ አሮጌ ታክሲ ብረት ነጋዴው ግቢ ልትቆራረጥ ስትል ደረስንላት! እማዬ ቆራጩን፣ «ከእሷ በፊት እኔን ቁረጥ!» ብላ አስቆመችው። ባትሪ ቀየርንላት፤ አስላ አስላ ተነሳች! ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

አንዲት ብሎን ጎድላ መኪና ከግቢ የማታስወጣዋ እማዬ፣ «ቀለሙ ይቆየን፤ አሁኑኑ ልንዳት» አለች። መሪው ስለራቃት መቀመጫውን ወደፊት ሳብንላት። በሳምንቱ ደግሞ መቀመጫው ከቦታው ሳይነቃነቅ መሪው ራቃትና እንደገና ሳብነው፤ ትራስም ደገፍንላት። መሪ ለማንም የማትሰጠዋ፣ እስከ መታጠፊያው ነድታ «በል አንተ ጨርሰው» ትለኛለች።

«ቀለሙን ጋሼህ ይምረጥ» ብላኛለች።

በል ሰላም ሁንልን። ቀለም ግን በስልክ አይመረጥም፤ ቶሎ ና።

ታናሽ ወንድምህ