በር ላይ ስለቀረችው አሮጌ ፓምፕ

ለተከበሩ የመለዋወጫ ገበያችን አስተዳዳሪ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ አዲስ ሞተር ያለ አንዳች ኮሽታ እንዲዞር፣ የተቀመጡበት ወንበርም ብሎኑ እንዳይላላ ያለኝን ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኔ ከዋናው በር ገባ ብሎ በስተግራ፣ ደጃፏ ላይ የጭስ ማውጫ የተንጠለጠለባት ሱቅ ባለቤት ነኝ። ይህን ደብዳቤ የጻፈልኝ ሰው የለም፤ የማታ ትምህርቴን በቅርቡ ጨርሼ በገዛ እጄ የጻፍኩት ነው። መምህራችን «እንዳንተ ቶሎ የገባው ተማሪ አላየሁም» ብለውኛል፤ ለሌሎቹም እንዲሁ ብለዋል ይባላል፣ እኔ ግን አልሰማሁም። ደብዳቤውን በገበያው ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ደግሞ ጸሐፊዎ «ነገ ተመለስ» በማለት እንዳትደክም አስቤላት ነው።

አቤቱታዬን እንደ ተማረ ሰው በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፦ «አሮጌ ዕቃ ይዞ ወደ ገበያው መግባት ክልክል ነው» ብለው ስላወጡት መመሪያ ከልብ አመሰግናለሁ። ወለሉ በእርግጥ ጸድቷል። ዱሮ ደንበኛው የተበላሸበትን ዕቃ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ዘይቱ በክርኑ እየወረደ ያመጣና ባንኮኒዬ ላይ ያስቀምጥ ነበር። እኔም አሮጌውን በግራ፣ አዲሱን በቀኝ እጄ ይዤ፣ ጀርባ ለጀርባ አጋጥሜ፣ ቀዳዳውን ከቀዳዳው አስተያይቼ፣ በመጨረሻም ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ዳስሼ «ይኸውልህ ወንድሙ» ካላልኩ አልሸጥም ነበር። ከዚህ ሁሉ ኋላ ቀርነት ገላግለውናል። ዛሬ ደንበኛው አሮጌውን በር ላይ ለጥበቃው አስረክቦ፣ የመኪናውን ሊብሬ ብቻ ይዞ፣ እጁ እንደ ሐኪም ነጽቶ ይገባል። አሮጌው ዕቃም ከቢሮዎ ጀርባ ባለው ግቢ፣ ቁልሉ ላይ ይወረወራል።

2ኛ፦ ይህኛው አቤቱታ በእርስዎ ላይ ይሁን በእኔ ላይ ሳልወስን እስክሪብቶዬ ብዙ ቆማለች። መመሪያው በተነገረበት ስብሰባ ላይ የቆዩት ነጋዴዎች «ናሙና ሳናይ እንዴት አድርገን?» እያሉ ሲያጉረመርሙ፣ ማንም ሳይጠራኝ ብድግ ብዬ «ናሙና መያዝ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ነው፤ ለእኔ ሊብሬው ይበቃኛል» ያልኩት እኔ ነኝ። እርስዎም «የምንፈልገው እንዲህ ያለ ነጋዴ ነው» ብለው አስጨበጨቡልኝ፤ ስለ ጭብጨባው ዛሬም ጆሮዬ ይግላል። ጎረቤቴ ባለ ኩሽኔታው ጃኬቴን ጎትቶ «አንተ ሰውዬ፣ ቁጭ በል፣ ኋላ ታፍራለህ» ቢለኝ ቅናት መስሎኝ የባሰውን ተንጠራራሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ በሞተር ዘይትም አይታሽም፣ ሞክሬዋለሁ።

3ኛ፦ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም በአንዲት አሮጌ ሚኒባስ ልጆቹን የሚያሳድግ ሾፌር ነው። የውሃ ፓምፗ ማፍሰስ ቢጀምርበት ፈትቶ ይዞት መጣ፤ ጥበቃው ፓምፑን በሩ ላይ ተቀበለውና እኔ ዘንድ በሊብሬው ብቻ ደረሰ። እኔም ረድፉ ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ ከመኪናዋ ዓይነት እስከ ቀለሟ ድረስ አነበብኩለት። አንድም ፊደል አልሳትኩም፤ ይህ ይታወቅልኝ። ካርቶኑ ላይ ያለውንም አነበብኩ፤ ከሊብሬው ጋር ልክክ አለ። አዲሱን ፓምፕ ከካርቶኑ ሳወጣው ግን ጣቴን ቅር አለው፤ አንገቱ አጠረብኝ። ሾፌሩም «ጋሼ፣ የበፊቱ ረዘም አይልም?» አለኝ። «ከሊብሬ ልትበልጥ ነው እንዴ?» ብዬ ሰው አሳቅኩበት።

የዚያች ሚኒባስ ሞተር ቀደም ሲል ከፊት ለፊቱ ተሰብሮ፣ ፓምፑ የሚታሰርበት ክዳን ከሌላ መኪና ተፈትቶ እንደተተካላት ረስቼው ነበር። ሊብሬው የሚያውቀው ከፋብሪካ የወጣችበትን ፊት ነው፤ ዛሬ ያላትን ፊት የምታውቀው በር ላይ የቀረችው አሮጌ ፓምፕ ብቻ ናት። መካኒኩም አዲሱ ፓምፕ ባይገጥምለት በማስቲሽ ለድፎ፣ በጉልበቱ አጥብቆ አሰረው።

በማግሥቱ አማቴን ለዓይን ሕክምና ልናደርስ ቤተሰቡ ሁሉ በዚያችው ሚኒባስ ተሳፈረ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ በመንገዱ ዳር ያገኘሁትን ጽሑፍ ሁሉ አነብላቸዋለሁ፤ «ጎማ እንጠግናለን»፣ «የሚከራይ ክፍል አለ»፣ «እዚህ ቆሻሻ መጣል ያስቀጣል»። ቤተሰቡ በአድናቆት ዝም አለ፤ ወይም እንዲያው ዝም አለ። ዳገቱ እኩሌታ ላይ ስንደርስ ከሞተሩ ነጭ እንፋሎት ተነሥቶ የፊቱን መስታወት ጋረደው። አማቴ፣ ዓይናቸው የደከመው ሴት፣ ወደ እኔ ዘወር ብለው «ልጄ፣ እስቲ ይህንንም አንብብልን» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤ አውቃለሁ፤ በልመና ቃል ሲሰድቡኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ዳገቱን ክንዳቸውን ይዤ አወጣኋቸው። አርፍደን ስለደረስን ሐኪሙን አላገኘነውም።

4ኛ፦ ሙቀቱ የጎዳውን ሁሉ እኔው አሠርቻለሁ፤ የቀረው ፓምፑ ነው። ሱቄ ውስጥ ያሉትን ፓምፖች ሁሉ ተሸክሜ ሄጄ ብለካቸው አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ይጠባል። አሮጌዋን ካላገኘሁ አዲሱን አላገኝም። ሚኒባሷ በራቸው ላይ ቆማለች፤ የባለቤቴ ወንድም ጠዋት ጠዋት ገብቶ መሪውን ይዞ ይቀመጣል አሉ። ለእኔ ሰላምታ የሚልከው በእኅቱ በኩል ነው። የተራ አስከባሪዎቹም በዚህ ሳምንት ካልተመለሰ ቦታውን ለሌላ ሾፌር እንደሚሰጡበት ነግረውታል። ቁልሉ ደግሞ ሰሞኑን ለብረት አቅላጮች ሊጫን ነው።

ወደ ግቢው ሄጄ ጥበቃውን ብለምነው «አሮጌ ዕቃ ክልክል ነው» አለኝ። ማስገባት እንጂ ማውጣት አልተከለከለም ብዬ በሩ ላይ የተለጠፈውን መመሪያዎን ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። እሱም በትሕትና ሰምቶኝ ሲያበቃ «ጋሼ፣ አንተው አይደለህ እንዴ የተጨበጨበልህ?» አለኝ። እስክሪብቶዬን አንስቼ ለእርስዎ መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

ስለዚህ «ካፈርኩ አይመልሰኝ» የሚለው ሰው ላለመሆን፣ በሚቀጥለው ስብሰባ በዚያው ቦታ ቆሜ፣ በዚያው ድምፅ፣ የተናገርኩትን ቃል በሰው ፊት እመልሰዋለሁ። እርስዎም መመሪያዎን ቢመልሱ አብረን እንፈር ነበር፤ ብቻን ማፈር ከባድ ነው። ለወለሉ አይጨነቁ፤ ደንበኛው አሮጌ ዕቃውን በፌስታል ጠቅልሎ ይግባ፣ የሚንጠባጠበውን እኔ እጠርጋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ስለ አንዲት ፓምፕ ብለው የግቢውን በር ያስከፍቱልኝ። የቱ እንደሆነች አይጠይቁኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ አገኛታለሁ።

የጭብጨባዎ ባለዕዳ፣ ፊደል ቆጥሮ ጣቱን የናቀ፣ በግቢዎ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ አክባሪዎ፣

ባለ ጭስ ማውጫው

ማስታወሻ፦ ቢሮዎ ደጃፍ ላይ የምትቆመው መኪናዎ ከሥሯ ውሃ እያንጠባጠበች ነው። ሾፌርዎ ትናንት መጥቶ ፓምፕ ጠይቆኝ ነበር፤ አሮጌውን በጃኬቱ ሥር ደብቆ ቢያሳየኝም፣ ለመመሪያዎ ካለኝ አክብሮት የተነሳ ፊቴን አዙሬ መለስኩት። ሊብሬውን ብቻ ይላኩልኝ፤ አንድም ፊደል ሳልስት አነብልዎታለሁ።